ያማረ መሪ፣ የታነቀ ኬብል

ወደ ግራ እስከ ጥግ ስዞር ሞተሩ ይጮኻል። ነዳጅ አልሰጠሁም። እጄ መስጫው ላይ ነው፣ ግን አልጠመዘዝኩትም። ድምፁ በራሱ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሞተር ሳይክሏም ሳላዛት ወደፊት ትስባለች። መሪውን ቀና ሳደርገው ዝም ይላል። ወደ ቀኝ ሳዞረው ደግሞ ምንም የለም። ይሄ የሚሆነው ጠባብ ቦታ ላይ ዞሬ ለመመለስ ስሞክር ብቻ ነው። መንገድ ላይ መሪውን እስከ ጥግ የሚያዞር ሰው የለም፤ ፈጠን ሲባል የሚታጠፈው ሞተር ሳይክሏን በማጋደል ነው። ስለዚህ ነገሩን ረስቶ መንዳት ይቻላል። እኔ ግን አልሆነልኝም። ከእኔ ሌላ ነዳጅ የሚሰጥ ነገር እንዳለ እያወቁ እንዴት ዘና ብሎ ይነዳል?

ሞተር ሳይክሏን የገዛኋት ከሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ከፋብሪካ የመጣውን መሪ አውልቆ ከፍ ያለና ሰፊ ጥቁር መሪ ገጥሞላታል። ኬብሎቹ አይታዩም ማለት ይቻላል። ከመሪው ጋር ተጣብቀው ይወርዳሉ፣ መሪው አንገት ጋ፣ መሪው ከሞተር ሳይክሏ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ሲደርሱ አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ ከዚያ ከነዳጅ ታንኩ ሥር ይጠፋሉ። የፕላስቲክ ማሰሪያዎቹ እኩል እኩል ተራርቀው ነው የታሰሩት። ጫፋቸው እንኳን ጣት እንዳይቧጭር ተስተካክሎ ተቆርጧል። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤን የወሰደው ይሄ ንጽህና ነው። ያያት ሁሉ “እንዴት ታምራለች!” ይል ነበር። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚባለው ለካ ለመሪም ይሠራል።

ስለ ጩኸቱ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ በሚሰጠው በካርቡራተሩ ላይ ነው። አንዱ ቆሽሿል አለ። ሌላው ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር ከሚያገናኘው ጎማ፣ ከማኒፎልዱ፣ አየር ያስገባል አለ። ሌላው ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ዝቅ አድርገው አለኝ። ሚኒሞው ዝቅ ሲል ወደ ግራ ሲዞር የሚሰማው ጩኸት ቀነሰ፤ ግን መሪው ቀና ሲሆን ሞተሩ መጥፋት ጀመረ። ካርቡራተሩ ወረደ፣ ታጠበ፣ ተመለሰ። ጩኸቱ እዚያው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ካርቡራተሩ የተቀመጠው ቻሲው (ዋናው የብረት አካሏ) ላይ፣ ሞተሩ ጋ ነው። መሪው ወዴት እንደዞረ በምን ያውቃል? ቆሻሻ ቀኝና ግራ አይለይም። አየር የሚያስገባ ጎማም አይለይም። ስለዚህ ጥፋተኛው መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞር፣ ሌላው ጫፉ ግን ቻሲው ላይ የቀረ ነገር መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም። ከነዳጅ መስጫው ወደ ካርቡራተሩ የሚሄድ የነዳጅ ኬብል አለ፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያለያየው የፍሪሲዮን ኬብል አለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አሉ። የፊት ፍሬን ቱቦ እንኳን እዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ ከመሪው ተነስቶ የሚሄደው ጎማው ጋ ነው፤ መሪና ጎማ አብረው ስለሚዞሩ መዞሩ ቱቦውን አይወጥረውም። ቱቦውን የሚወጥረው የፊት አሞርዛተሩ ሲዘረጋ ነው። ከቀሩት ደግሞ ነዳጅ የሚከፍተው የነዳጅ ኬብሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀረ አንድ ተጠርጣሪ።

## ሽፋኑም ሥራ አለው

ብዙዎቻችን ኬብል ስንል የምናስበው የውስጡን ሽቦ ነው። የሚጎትተው እሱ ነው፣ የሚበጠሰውም እሱ ነው። ውጪው ጥቁር ነገር ከዝናብና ከአቧራ የሚከላከል ልብስ ይመስለናል። አይደለም። ሽፋኑ በውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ብረት አለው፤ ሥራውም መገፋትን መቋቋም ነው። ሽቦው ሲጎትት ሽፋኑ በሁለቱም ጫፍ መቀመጫው ላይ ተደግፎ ያንኑ ጉልበት ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1896 በብሪታንያ የፈጠራ መብት በወሰደው በኧርነስት ሞኒንግተን ቦውደን ስም እስከዛሬ ቦውደን ኬብል ይባላል። ከብስክሌት ፍሬን እስከ መኪና የእጅ ፍሬን ድረስ ገብቷል።

ከዚህ የሚመጣው ነገር ነው ዋናው። ካርቡራተሩ የሚያውቀው በሽቦውና በሽፋኑ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ሽቦውን 2 ሚሊ ሜትር ብትጎትት ነዳጅ ይከፈታል። ሽቦውን ሳትነካ ሽፋኑን ከመቀመጫው 2 ሚሊ ሜትር ብታወጣውም ያው ነው፣ ነዳጅ ይከፈታል። ለካርቡራተሩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሽፋኑ ሲወጣ በመቀመጫውና በሽፋኑ ጫፍ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ሽቦው ያንን ክፍተት መሸፈን አለበት፤ የሚሸፍነው ደግሞ ከካርቡራተሩ በኩል በመሳብ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ትንሽ መሳብ ብዙ ድምፅ ያመጣል።

አሁን ኬብሉን በቀኝ እጅ በኩል ተከተሉት። ነዳጅ መስጫው ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ቀኙ ጫፍ ወደፊት ይሄዳል፤ ከካርቡራተሩ ይርቃል። በቻሲው ቀኝ በኩል የሚያልፍ ኬብል ያኔ ይወጠራል። ወደ ቀኝ ሲዞር ግን ጫፉ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ኬብሉም ይላላል። ግራ ሲዞር የሚጮኸው፣ ቀኝ ሲዞር ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ይሄ እስኪገባኝ ድረስ ያ ሁሉ የካርቡራተር እጥበት ምን ሊጠቅም ነበር?

የሚጓዘው ርቀትም ቀላል አይደለም። ከመሃል እስከ ጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሪ 35 ዲግሪ ሲዞር ጫፉ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቅስት ይጓዛል። ኬብሉ ይህን ሁሉ መከተል የሚችለው አንድ ቦታ ላይ ትርፍ ካለው ነው። ያ ትርፍ መሪው ቀና ሲሆን የት ይቀመጣል? ፊት ለፊት፣ መብራቱ አካባቢ፣ ተጠምዝዞ። የሚታየው እሱ ነው። ዓይን የሚያስቀይመውም እሱ ነው።

## ማሰሪያው ሲቆረጥ

አንድ ረፋድ ላይ ሞተር ሳይክሏን ደጅ አወጣኋት። የጭሱ ነገር ስላለ ቤት ውስጥ አይሆንም። በመሃል ማቆሚያዋ አቆምኳት፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አደረግኩ፣ ሞተሩን አሞቅኩት። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥግ አዞርኩና በአንድ እጄ ያዝኩት። ጮኸ። በሌላው እጄ መቁረጫ ፒንሳ ይዣለሁ።

መጀመሪያ የቆረጥኩት ነዳጅ መስጫው አጠገብ ያለውን ማሰሪያ ነው። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ያሉትን ወደ ውስጥ እየሄድኩ ቆረጥኩ። አሁንም ያው ጩኸት። መሪው አንገት ጋ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያነቀው ማሰሪያ ቀረ። እሱ ጠንከር ያለ ነው፤ ፒንሳውን ማስገቢያ እንኳን አጥቼ ተቸገርኩ። ጠቅ ሲል ኬብሉ ወደ ውጪ ዘለለ። ድምፁም በዚያው ቅጽበት ወረደ። ሙሉ በሙሉ መደበኛው ሚኒሞ ላይ አልደረሰም፣ ግን ልዩነቱ ማንም የሚሰማው ነው።

እዚያው ቆሜ ትንሽ አሰብኩ። እኔ የምፈልገው የተበላሸ ነገር ነበር። የቆሸሸ፣ የተቀደደ፣ የላላ፣ ያረጀ። ያገኘሁት ግን ከሁሉም ይበልጥ በጥንቃቄ የተሠራውን ነው። ጥፋቱ ያለው ያደነቅኩት ነገር ውስጥ ነበር። ማሰሪያው ኬብሉን አንገቱ ላይ ከቻሲው ጋር ሲያጣብቀው፣ ከዚያ በላይ ያለው አጭር ቁራጭ ብቻውን የመሪውን ጉዞ ሁሉ እንዲሸከም ፈርዶበታል። ኬብሉ በአጭር ገመድ የታሰረች ፍየል ሆኗል። ሣሩ አለ፣ መድረስ ግን አይቻልም።

እና ለምን ሙሉ በሙሉ አልወረደም? ይሄኛው ይበልጥ አስገረመኝ። ማሰሪያዎቹ ሁሉ ከተቆረጡ በኋላ መሪውን እንደገና ወደ ግራ አዞርኩና ኬብሉን አየሁት። አንድም ጥምዝ አልቀረውም። ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ማለትም ኬብሉ ራሱ አጭር ነው። ሰውየው መሪውን ከፍ አደረገ፣ ኬብሉን ግን የፋብሪካውን ተወው። መሪ ከፍ ሲል ኬብሉ መሄድ ያለበት መንገድ ይረዝማል፤ ለዙረት የተተወው ትርፍ ለከፍታ ዋለ። ማሰሪያ ባይኖር ይሄ ከሩቅ ይታይ ነበር። ማሰሪያው ጭንቀቱን ደበቀው። ማሳመር የመሰለኝ ሥራ መሸፈን ሆኖ ተገኘ።

ስለዚያ ሰው ክፉ ማሰብ አልቻልኩም። ግድ የለሽ ሰው የማሰሪያ ጫፍ አስተካክሎ አይቆርጥም። ችግሩ መሪውን ቀና አድርጎ መሥራቱ ይመስለኛል። መሪው ቀና ሲሆን ሁሉም ነገር ይበቃል፣ ሁሉም ነገር ያምራል። ፎቶ ላይ መሪ አይዞርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እዚህ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቆመው ያሰሩት ነው ሲሄዱ ያነቀው።

ከዚያ ወዲያው የፍሪሲዮኑን አየሁ። እሱ በግራ ነው፤ ስለዚህ የሚወጠረው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን እጀታ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ልል መሆን አለበት። መሪው ቀና ሲሆን ነበረው። ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ሲዞር ግን ልሉ ጠፋ። ፍሪሲዮን በትንሹ የተጎተተ እንደሆነ ዲስኮቹ በደንብ አይያያዙም፤ ይንሸራተታሉ፣ ይሞቃሉ፣ ያልቃሉ። ይሄኛው አይጮኽም። ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚበላው።

## መሪውን ማን ይመርጣል?

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ መሪውን ትቶ ረዘም ያለ ኬብል መግጠም ነው። ሌላው ኬብሉን ትቶ መሪውን ዝቅ ማድረግ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ምክንያቱ ኬብሉ ብቻ አይደለም። በዚያ መሪ ረዘም ያለ መንገድ ስሄድ ትንሿ ጣቴና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ይደነዝዙ ነበር። ለእነዚህ ሁለት ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያልፋል። የመሪው ጫፍ ከእጅ አንጓ ጋር ካልተስማማ ክብደቱ እዚያ ላይ ያርፋል። የእኔ መሪ ጫፉ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት ማዕዘን አንጓዬን ወደ ውጪ ያጣምመው ነበር።

መሪ ሲመረጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቅርጹን ነው። እኔ አሁን መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። አብዛኛው መሪ እጅ የሚይዝበት ጋ 22.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መሃሉ ወፍሮ 28.6 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ ግን ወደ 22.2 የሚቀጥን አለ። ክሩዘር በሚባሉ ትላልቅ ሞተር ሳይክሎች ላይ 25.4 ይገኛል። መሃሉ ከማቀፊያው ጋር ካልተስማማ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ስፋት፣ ከፍታ፣ ወደ ኋላ መታጠፉ። በመጨረሻም ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ጫፉ ላይ ያለው ቀጥ ያለ ክፍል ርዝመት። የእጅ ጎማው፣ የመብራትና የፍሬቻ መቆጣጠሪያው፣ የእጀታው መያዣ፣ ስፖኪዮው ሁሉ እዚያ ላይ መደርደር አለባቸው። ቅስቱ ቶሎ የሚጀምር ከሆነ አይበቃም።

ስፋት ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰፊ መሪ ይቀላል፤ እጅ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ከ80 ሴንቲ ሜትር ወደ 72 ስወርድ ለተመሳሳይ ዙረት አንድ ዘጠነኛ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልገኛል። በሌላ በኩል ግን ጫፉ የሚጓዘው ቅስት ያጥራል፤ ኬብሉም የሚከተለው ርቀት ይቀንሳል። ይህን ሒሳብ ካደረግኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። መሪውን የምንመርጠው እኛ ነን እንላለን እንጂ ኬብሉ ድምፅ አለው። ድምፁን አስቀድመን ካልሰማነው በኋላ በሞተሩ በኩል ይናገራል።

ከፍ ያለ መሪ የሚስማማው ሰው አለ። ረጅም ሰው፣ ወገቡን የሚያመው ሰው፣ ቆሞ የሚነዳ ሰው። እነሱ ኬብሉንም የፍሬን ቱቦውንም ያስረዝሙ። ግን አብሮ፣ በአንድ ጊዜ። መሪው ዛሬ፣ ኬብሉ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ስታስረዝሙም ሽፋኑና ሽቦው በእኩል መጠን መርዘም አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከተቀየረ ወይ አይከፍትም ወይ አይዘጋም።

## መግጠሙ

መግጠሙ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ስለዚህ ፈጠን ብዬ ልለፈው። ታንኩን በወፍራም ጨርቅ ሸፈንኩ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከመሪው ፈትቼ ቀጥ እንዳለ አንጠለጠልኩት። ተገልብጦ ከተቀመጠ አየር ይገባና እጀታው ስፖንጅ ይሆናል፤ ያኔ አየር ማስወጣት የሚባል ሌላ ሥራ ይመጣል። የእጅ ጎማዎቹን ቀጭን ካቻቪቴ አስገብቼ ሳሙና ውኃ ስጨምርባቸው ተንሸራተው ወጡ። የግራና የቀኙ ጎማ አንድ አይደሉም። የቀኙ ውስጡ ሰፋ ይላል፤ በነዳጅ መስጫው ቱቦ ላይ ስለሚገባ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልቁም። የመቆጣጠሪያዎቹ መያዣ ውስጥ ትንሽ ጉጥ አለች። አሮጌው መሪ ላይ ለእሷ የተበሳ ቀዳዳ አለ፣ አዲሱ ላይ የለም። ብዙ ሰው ጉጧን በሞረድ አጥፍቶ ይገጥማል። ፈጣን ነው፣ ይሠራልም። ግን በቀኝ በኩል ያለው መያዣ የነዳጅ ኬብሉን ጭምር የያዘ ነው። ጉጥ ከሌለው አንድ ቀን መሪው ላይ ይዞራል፤ ሲዞር የኬብሉን ሽፋን ይዞ ነው የሚዞረው። ከላይ ያልኩትን ካስታወሳችሁ፣ ሽፋኑን ማንቀሳቀስና ነዳጅ መስጠት አንድ ነው። ስለዚህ ትራፓኖ አውጥቼ በሳሁ። ከመብሳቴ በፊት ሁሉንም ነገር ያለ ቀዳዳ በቦታው ደርድሬ፣ ተቀምጬበት፣ እጄን ዘርግቼ፣ አንጓዬ ቀና መሆኑን አየሁ። ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ሐሳብ መቀየር አይመችም።

የመሪው ማቀፊያ ላይ ብዙ ጊዜ ወደፊት መሆን ያለበትን ጎን የሚያሳይ ነጥብ ወይም ቀስት አለ። እንዲህ ያለው ማቀፊያ ከሆነ የፊተኞቹ ቡሎኖች አስቀድመው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ የኋለኞቹ፤ ክፍተቱ ከኋላ በኩል ይቀራል። ሁለቱንም እኩል ለመዝጋት መታገል አያስፈልግም። ጥብቀቱን የአምራቹ መጽሐፍ ይናገራል፤ ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ያለው ሰው እዚህ ይጠቀምበት። ከማጥበቄ በፊት መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አዙሬ በታንኩና በመሪው መካከል አውራ ጣቴ እንደማይጨፈለቅ አየሁ።

## ከአንገት መጀመር

ኬብሎቹን ስዘረጋ የጀመርኩት ከአንገቱ ነው። ያ ሰው ከመሪው ጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው የሄደው፤ የማሰሪያዎቹ አሰላለፍ ይናገራል። ከጫፍ ሲጀመር ቀጥታው ክፍል ያምርና የተረፈው ችግር ሁሉ አንገቱ ላይ ይከማቻል። እንቅስቃሴ ያለው ደግሞ አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኬብሉን በቻሲው በኩል በፋብሪካው ቀለበቶች አሳለፍኩ፣ መሪውን ወደ ሁለቱም ጥግ አዞርኩ፣ ኬብሉ በነፃነት የሚንቀሳቀስበትን ቦታ አየሁ። ማሰሪያ ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አጭሩ መንገድ የተሻለ ይመስላል። ሁልጊዜ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በምሰሶ ላይ ስለተጠመጠመ ገመድ የሠራው ቀመር አለ። ሰበቃው በጠቅላላው የመጠምዘዝ ማዕዘን ልክ እየተባዛ ያድጋል ይላል። ኬብል ውስጥ ያለ ሽቦም እንዲሁ ነው። የሰበቃው መጠን 0.1 ነው ብንል፣ መንገዱ ላይ በድምሩ 180 ዲግሪ የተጠማዘዘ ኬብል ሌላው ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ለመሳብ 13.7 ኪሎ ይጠይቃል። ድምሩ 360 ከሆነ 18.7 ይሆናል። ሊቆጠር የሚገባው የጥምዞቹ ድምር ነው። ለማሳመር ተብሎ ከመሪው ጋር የተጣበቀ ኬብል በእያንዳንዱ የመሪው እጥፋት ላይ ይታጠፋል። አየር ላይ በአንድ ለስላሳ ቅስት የሚያልፈው ግን አንዴ ብቻ ይጠማዘዛል። ፍሪሲዮን ከበደኝ፣ እጄ ደከመ የሚል ሰው ሞላውን ከመወንጀሉ በፊት ጥምዞቹን ይደምር።

ከዚያ የማሰሪያ ጉዳይ። የኤሌክትሪክ ሽቦ መታሰር ይወዳል። መሪው ላይ አስሬዋለሁ፣ እሱም አንገቱ ጋ ሲደርስ ልል ተትቶለት ነው። ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ሽቦ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል፤ እንዲህ ያለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ትዕግሥት ይፈትናል። ኬብልን ግን አላሰርኩም። በቀለበት ውስጥ አሳለፍኩት፤ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት እንዲችል። ኬብልና የኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ላይ አይታሰሩም፤ አንዱ መንቀሳቀስ አለበት፣ ሌላው መቀመጥ። መሪውን ጥግ ላይ የሚያቆመው ጉጥ አካባቢም ምንም አላሳለፍኩም። እዚያ የገባ ነገር ይጨፈለቃል።

የፍሬን ቱቦውን በሌላ መንገድ ነው ያየሁት። የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሳሁና አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው እንዲዘረጋ ተውኩት። ቱቦው አልተወጠረም። መሪው ዝቅ ስላለ እንዲያውም ትርፍ አለው፤ ስለዚህ ያየሁት ሌላውን ነው፦ አሞርዛተሩ ሲጨመቅ ያ ትርፍ ጎማው ላይ እንዳይደርስ።

በመጨረሻ ነዳጅ መስጫውን አስተካከልኩ። የእጅ ጎማው ላይ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መዞር ብዙ አምራቾች የሚሰጡት ልክ ነው። መስጫውን ጠምዝዤ ስለቀው በራሱ ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት፤ መሪው ቀና ሆኖ፣ ግራ ጥግ ሆኖ፣ ቀኝ ጥግ ሆኖ። ዘጋ። ሞተሩን አስነሳሁና እንደገና ወደ ሁለቱም ጥግ አዞርኩ። ድምፁ አልተለወጠም። ካርቡራተሩን እንግዲህ ይቅርታ መጠየቅ ነው።

## “አልጨረስክም እንዴ?”

መጀመሪያ ያያት ጓደኛዬ ነው። ዞሮ ዞሮ አያትና መብራቱ ፊት ያለውን የኬብል ቅስት በጣቱ ነካ አደረገው።

“ይሄ የተንጠለጠለው ምንድን ነው? አልጨረስክም እንዴ?”

“ጨርሻለሁ።”

“ታዲያ ለምን አታስረውም? ድሮ እኮ ንጹሕ ነበረች።”

መሪውን ወደ ግራ አዞርኩለት። ቅስቱ ተከፈተ። ወደ ቀኝ አዞርኩለት። ተሰበሰበ። ትንሽ አሰበና ስልኩን አወጣ። አንድም ኬብል የማይታይበት ሞተር ሳይክል ፎቶ አሳየኝ። መሪው ባዶ ብረት ነው፤ እጀታና የእጅ ጎማ ብቻ።

እንዲህ ያሉትን እኔም አይቻለሁ፣ ያምራሉም። ግን ብዙዎቹ ነዳጅ በኬብል አይሰጡም። መስጫው ውስጥ ያለ ሴንሰር በኤሌክትሪክ ሽቦ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ሽቦ ደግሞ ቢወጠርም ባይወጠርም የሚያስተላልፈው መልእክት አይለወጥም። ፍሪሲዮናቸውም በዘይት የሚሠራ ከሆነ ጭራሽ ቀለለ። ሌሎቹ መሪውን በስተው በውስጡ ያሳልፋሉ። ለኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ያውም ወፍራም መሪ ላይ፣ ቀዳዳው በደንብ ተሞርዶ ከሆነ አልቃወምም። ኬብል ግን በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በዚያኛው ሲወጣ ስንት ዲግሪ እንደሚደመርበት አስቡት። መሪ በበሱት ቁጥርም ጥንካሬው ይቀንሳል፤ የሚበሳበት ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉልበት የሚያርፍበት እጥፋት አጠገብ ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው ስልኩን አልመለሰውም። የእሱንም ሞተር ሳይክል እንዲህ እንዳደርግለት ይፈልጋል።

“ነዳጁ በኬብል ነው ወይስ በሴንሰር?” አልኩት።

“እኔ እንጃ።”

“እሱን አይተህ ና። ስትመጣም መሪውን ሳትነካ አምጣት።”